ሕጉን ማን አወጣው? ኮንትሮባንዱስ ማንን አከበረ?

ሕግ ከሰማይ አይወርድም። በአንድ በታወቀ ጊዜና በአንድ በታወቀ ኅብረተሰብ ውስጥ የተለያየ ጥቅም ያላቸው መደቦች ተሟግተውበት፣ ተሸናንፈውበትና ከፍለውበት የሚወጣ ነው። ስለሆነም የአንድን ሕግ ምንነት ስንመረምር «መልካም ነው ወይስ ክፉ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድመን «ማን አወጣው? ማን ገንዘቡን አፈሰሰበት? ማን ከበረበት? ማንስ ታሰረበት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚሰጥ ፍርድ የሕጉን ልብስ እንጂ ገላውን አያሳየንም።

ይህን ለመረዳት ከሚጠቅሙ የታሪክ ምሳሌዎች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የአልኮል መጠጥ እገዳና በእርሱ ላይ የበቀለው የመጠጥ ኮንትሮባንድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

የሩቅ አገር የድሮ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይዳል የሚል አይታጣም። ሆኖም የመጠጥን ጉዳይ የማያውቅ ሰፈር የለም። የወር ደመወዙን በመጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ አራግፎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ በየሰፈሩ አለ። ጠላ ጠምቃ፣ ካቲካላ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ እናትም በዚያው ሰፈር፣ ምናልባትም በዚያው ግቢ ውስጥ አለች። የአንዱ ጥፋት የሌላዋ እንጀራ ሆኖ በተሳሰረበት ኑሮ ውስጥ «ይከልከል» ማለት ቀላል ነው፤ «ይፈቀድ» ማለትም ቀላል ነው። ከባዱ፣ ከክልከላውም ሆነ ከፈቃዱ በስተጀርባ የሚቆመውን ጥቅም አጥርቶ ማየት ነው።

የእገዳው ምንጭ

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የአሜሪካ ኢንዱስትሪ እየገነነ ሲሄድ ከአውሮፓ የፈለሰው ወዛደር በየፋብሪካውና በየማዕድን ማውጫው ተከማቸ። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለው ሠራተኛ ማምሻውን የሚያርፍበት፣ ወሬ የሚለዋወጥበት፣ ሥራ የሚያፈላልግበት፣ አንዳንዴም የማኅበሩን ስብሰባ የሚያካሂድበትና የደመወዝ ቼኩን የሚመነዝርበት ቦታ መጠጥ ቤቱ ነበር። ከመጠጥ ቤቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ በትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ የተቋቋሙና የእነርሱን ቢራ ብቻ ለመሸጥ ውል የገቡ ነበሩ። ቀን በፋብሪካ የተከፈለው ደመወዝ ማታ በቢራ ፋብሪካው ካዝና ይገባ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ሁኔታ የሚመነጨው ሥቃይ በመጀመሪያ የወደቀው በሴቶችና በሕፃናት ላይ ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የመምረጥ መብት ያልነበራቸው፣ በባላቸው ገቢ ላይ ማዘዝ የማይችሉ እናቶች በ1874 የክርስቲያን ሴቶች የቁጥብነት ኅብረትን አቋቁመው በመጠጥ ቤቶች ላይ ሲዘምቱ ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ ነበር። ይህ ሊካድ አይገባም። ጥያቄው እውነተኛ መሆኑ ግን መልሱ በእነርሱ እጅ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

በ1893 በኦሃዮ የተመሠረተው ፀረ መጠጥ ቤት ማኅበር በዌይን ዊለር መሪነት እየጠነከረ ሲሄድ ከረጂዎቹ መካከል የዘይቱ ከበርቴ የሮክፌለር ቤተሰብ ይገኝበታል። የመኪና ፋብሪካው ጌታ ሄንሪ ፎርድም የእገዳው ብርቱ ደጋፊ ነበር። ፎርድ በ1914 በቀን 5 ዶላር የሚያስገኘውን ክፍያ ሲያስተዋውቅ የሠራተኛውን ቤት እየዞሩ ኑሮውን፣ ንጽሕናውንና መጠጡን የሚመረምሩ ሰዎች አሰማርቶ እንደነበረ የታወቀ ነው። ከበርቴው የፈለገው ሰኞ ጧት ሳይናወዝ በማሽኑ ፊት የሚቆም፣ በመጠጥ ቤት ተሰብስቦ ስለ ሥራ ማቆም አድማ የማይመክር ክንድ ነው። የእናቶቹ እንባና የከበርቴው ስሌት በአንድ ሰልፍ ተገናኙ፤ ሰልፉን የመራው ግን ስሌቱ ነው።

ሆኖም ሌላ መሰናክል ነበር። ከመጠጥ የሚሰበሰበው ቀረጥ በአንዳንድ ዓመታት ከፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ይሸፍን ነበር። ይህን ገቢ የሚተካ ነገር ሳይገኝ እገዳ የማይታሰብ ነበር። በ1913 የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲፈቀድ ይህ መሰናክል ተነሣ። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ደግሞ «እህሉ ለወታደሩ ቀለብ ይዋል» የሚለው ምክንያት ተጨመረ፤ ከታላላቆቹ የቢራ ጠማቂዎች አብዛኞቹ የጀርመን ዘር ስለነበሩም ቢራን መጥላት አገር እንደ መውደድ ተቆጠረ። በዚህ ሁኔታ 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዲሴምበር 1917 በምክር ቤቱ ታልፎ በጃንዋሪ 16 ቀን 1919 ጸደቀ። ማስፈጸሚያው የቮልስቴድ ሕግ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ቢቃወምም በኦክቶበር 1919 ወጣ። ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ጀምሮ ከመቶ ግማሽ እጅ በላይ አልኮል ያለበትን መጠጥ ማምረት፣ መሸጥ፣ ማጓጓዝ፣ ማስገባትና ማስወጣት በመላው አገሪቱ ወንጀል ሆነ።

በሕጉ ውስጥ የተተወው በር

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ መሸጥን እንጂ መጠጣትን አልከለከለም። ከእገዳው በፊት የተገዛን መጠጥ በቤት አስቀምጦ መጠጣትም የተፈቀደ ነበር። ይህ ቃል ለማን ተጻፈ? ሠራተኛው ቢራውን የሚገዛው በዕለት ገቢው፣ በብርጭቆ ነው፤ ለነገ የሚያስቀምጠው የለውም። ባለጸጋው ግን ከእገዳው በፊት በነበሩት ወራት ምድር ቤቱን በሣጥን በሣጥን ውስኪና ወይን ሞላ። አንዳንድ የባለጸጎች ክበቦችም ለብዙ ዓመታት የሚበቃ መጠጥ አከማቹ። በዚህ መንገድ አንዱ ሕግ ለአንዱ መደብ ክልከላ፣ ለሌላው ደግሞ የማጠራቀሚያ ማስታወቂያ ሆነ።

ሌሎችም በሮች ነበሩ። ሐኪም ውስኪን እንደ መድኃኒት ማዘዝ ይችል ስለነበር ለማዘዣው 3 ዶላር የሚከፍል ሰው በየ10 ቀኑ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውስኪ በሕጋዊ መንገድ ከመድኃኒት ቤት ያገኝ ነበር። በሲንሲናቲ የሚኖረው የሕግ ጠበቃና የመድኃኒት ባለሙያ ጆርጅ ሪመስ ይህን ቀዳዳ አጥርቶ በማየቱ የታሸጉ የውስኪ መጋዘኖችንና የመድኃኒት ማከፋፈያ ድርጅቶችን ገዛ። በመንግሥት ፈቃድ ውስኪውን ከመጋዘን ያስወጣና የራሱን የጭነት መኪናዎች በራሱ ሰዎች መንገድ ላይ ያስዘርፍ ነበር። በካሊፎርኒያ ደግሞ የወይን እርሻ ከመጥፋት ይልቅ ተስፋፋ። ተጨምቆ የደረቀ ወይን ይሸጥ ነበር፤ በማሸጊያው ላይ «ውኃ ጨምራችሁ በእንስራ ውስጥ 20 ቀን እንዳታቆዩት፤ ወይን ጠጅ ይሆናል» የሚል ዓይነት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር። ማስጠንቀቂያው አሠራሩን ማስተማሪያ መሆኑን ያልተረዳ ገዢ አልነበረም።

በአንጻሩ ከ1,300 የማያንሱት የቢራ ፋብሪካዎች ምን ሆኑ? ትልልቆቹ ካፒታል ስለነበራቸው አልኮል የሌለው ቢራ፣ የብቅል ሽሮፕ፣ በረዶና አይስክሬም እያመረቱ ክፉውን ቀን አሳለፉ። ትንንሾቹ ተዘጉ፤ ሠራተኞቻቸውም ተበተኑ። የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን መሪ ሳሙኤል ጎምፐርስ እገዳው የሠራተኛውን ቢራ የነካ የመደብ ሕግ ነው በሚል መንፈስ ተቃውሞውን ቢያሰማም ሰሚ አላገኘም።

በባሕር ላይ የተሰለፈው ገበያ

ዕቃው ተከለከለ፤ ፈላጊው ግን አልቀረም። ዕቃ ሲከለከል ዋጋው ይንራል፤ ዋጋው ሲንር ለአደጋው የሚደፍር ይበዛል። ይህ የገበያ ጠባይ የሚታየው በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ጠረፍ ፊት ለፊት በተኮለኮለው የመርከብ ሰልፍ ነው። የአገሪቱ የባሕር ወሰን 3 ማይል ብቻ ስለነበረ ከዚያ ወጣ ብለው መልሕቃቸውን የጣሉት መርከቦች በሕግ የሚነካቸው አልነበረም። አሜሪካውያን ይህን ሰልፍ «የሮም መደዳ» ይሉት ነበር፤ ሮም የተባለው ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው አረቄ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ፈጣን ጀልባዎች ከጠረፍ እየወጡ ይመጣሉ፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ ጆንያው ይወረወራል፤ ጀልባው ወደ ጨለማው ይመለሳል።

የዕቃው ምንጭ በአብዛኛው የአውሮፓ ቅኝ ገዢዎች ግዛት ነበር። በብሪታንያ ሥር የነበረችው የባሃማ ደሴቶች ዋና ከተማ ናሶ ከስኮትላንድ በሚመጣ ውስኪ ተሞላች፤ የቅኝ ግዛቱ ግምጃ ቤትም ከቀረጡ ጠገበ። በካናዳ ጠረፍ አጠገብ የሚገኙት ትንንሾቹ የፈረንሳይ ደሴቶች ሴንፒየርና ሚክሎን ከ1922 በኋላ መጋዘን ሆኑ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሰቅሎ የመጠጥ ጫኝና አውራጅ ሆነ፤ የዓሣ ማከማቻው የውስኪ ማከማቻ ሆነ። ጠርሙሶቹ በእንጨት ሣጥን ሲጓዙ ስለሚንኳኩና ቦታ ስለሚይዙ ወደ ጆንያ ይዛወሩ ነበር፤ የተረፈው የሣጥን እንጨትም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይውል ነበር። እገዳው በ1933 ሲነሣ ግን ይህ ሀብት እንደ ጉም በነነ፤ መረቡን የጣለው ዓሣ አጥማጅ ወደ ድህነቱ ተመለሰ። በኮንትሮባንድ ላይ የቆመ ኢኮኖሚ የሌላ አገር ሕግ ጥገኛ ነውና።

ከናሶ ነጋዴዎች ስመ ጥሩ ካፒቴን ቢል መኮይ ነበር። 6 ጠርሙስ በገለባ ተጠቅልሎ በጆንያ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የሚሰፋበትን የአስተሳሰር ዘዴ ያስፋፋው እርሱ ነው ይባላል። መጠጡን በውኃም ሆነ በመርዝ ባለመቀላቀሉ የታወቀው መኮይ በኖቬምበር 1923 በጠረፍ ጠባቂዎች ተይዞ ጥቂት ወራት ታሰረ። እርሱን የተኩት በመሣሪያ የታጠቁ ቡድኖች ነበሩ። ንግዱ ከግለሰብ ካፒቴኖች ወደ ተደራጁ ወንበዴዎች መተላለፉም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፍርድ ቤት ሊዳኘው በማይችል ገበያ ውስጥ ውል የሚጸናው በጥይት ስለሆነ ጠመንጃ የበዛለት ያሸንፋል።

መንግሥት በ1924 ከብሪታንያ ጋር ባደረገው ስምምነት የመፈተሻውን ክልል አንድ ሰዓት የመርከብ መንገድ ወደሚሆን ርቀት፣ ማለትም ወደ 12 ማይል ገደማ አሰፋው። ለጠረፍ ጠባቂውም ከባሕር ኃይሉ ዲስትሮየር የጦር መርከቦች ተሰጡት። ውጤቱ ምን ሆነ? 12 ማይል ተጉዞ ለመመለስ የሚችል ጠንካራ ሞተር ያለው ጀልባ የሚገዛው ባለ ብዙ ገንዘብ ነው። ትንሹ አሻጋሪ ከጨዋታው ወጣ፤ ትልቁ ጸና። ጥበቃው በጠነከረ ቁጥር ንግዱ በጥቂቶች እጅ ተጠቃለለ።

የ«አይም አሎን» መርከብ ታሪክ ይህን ይበልጥ ያብራራል። ይህች በካናዳ የተመዘገበች መርከብ ከቤሊዝ መጠጥ ጭና ስትመጣ በማርች 22 ቀን 1929 በሜክሲኮ ሰላጤ ከጠረፍ ከ200 ማይል በላይ ርቃ በአሜሪካ ጠባቂዎች መድፍ ሰጠመች፤ ከመርከበኞቿም አንዱ ሞተ። ጉዳዩ ለዓለም አቀፍ ዳኝነት ቀርቦ በ1935 አሜሪካ ካናዳን ይቅርታ እንድትጠይቅና ለካናዳ 25,000 ዶላር እንድትከፍል፣ ለመርከበኞቹም ካሣ እንድትሰጥ ተወሰነ። ለመርከቧና ለጭነቱ ግን ካሣ አልተፈረደም። ለምን? የእውነተኛው ንብረት አዛዦች የአሜሪካ ዜጎች መሆናቸው ስለተረጋገጠ ነው። ባንዲራው የካናዳ፣ መጠጡ የቅኝ ግዛት፣ የሞተው ደሀ መርከበኛ፣ ትርፉ ግን የኒው ዮርክ ነበር።

የዲትሮይት ወንዝ

ከባሕሩ ይልቅ የሰፋው በር ግን የየብሱ ድንበር ነበር። የዲትሮይት ከተማን ከካናዳዋ ዊንዘር የሚለየው ወንዝ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኮንትሮባንድ ወደ አሜሪካ ከገባው መጠጥ ሦስት አራተኛ የሚሆነው በዚህ መስመር እንዳለፈ ይገመታል። በበጋ በጀልባ፣ በክረምት ወንዙ በረዶ ሲሠራ በመኪና ይሻገር ነበር። በዊንዘር አጠገብ የነበረው የሀይራም ወከር ውስኪ ፋብሪካም ከወንዙ ዳር የቆመ ነበር።

የካናዳ ሕግ መጠጥን ወደ ውጭ መላክን አልከለከለም ነበር። ስለዚህ ትንሽ የሞተር ጀልባ ይዞ የቀረበ ሰው «ጭነቱ ወደ ኩባ ነው» የሚል ወረቀት ያስሞላና ይነሣል። ያቺው ጀልባ በዚያው ቀን ሌላ ጭነት ወደ ኩባ ልትወስድ ትመለሳለች። ወረቀቱን የሚያትመው ሹም ኩባ የት እንዳለች ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቀረጡ ገቢ ነው፤ የፋብሪካው ትርፍም የአገር ልማት ይባላል። ካናዳ ወደ አሜሪካ የሚሄድ መጠጥ የጉዞ ፈቃድ እንዳያገኝ የከለከለችው በ1930 ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎቹ ሀብታቸውን አደላድለው ነበር።

ጠባቂውና ሌባው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የአሮጌ ሥርዓት ብሂል የእገዳው አስከባሪዎች ሳያውቁት ኖረውበታል። የእገዳው ወኪሎች እስከ 1927 ድረስ የሚቀጠሩት በፈተና ሳይሆን በፖለቲካ ደጋፊዎች ጥቆማ ነበር፤ ደመወዛቸውም ዝቅተኛ ነበር። በወር የሚያገኘውን በአንድ ሌሊት ዓይኑን በመጨፈን ሊያገኝ የሚችል ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ይጠበቃል? በሲያትል የፖሊስ መኮንን የነበረው ሮይ ኦልምስቴድ ከካናዳ በሚያስገባው መጠጥ ከከተማው ትልልቅ ቀጣሪዎች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ። መንግሥት የስልክ መስመሩን ጠልፎ ሲያስፈርድበት ጉዳዩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1928 በ5 ለ4 ድምፅ ጠለፋው ተፈቀደ። ይህ ፍርድ የተሻረው በ1967 ነው። በመጠጥ ስም የተከፈተው ጆሮ መጠጡ ከተፈቀደ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሳይዘጋ ቆየ።

ሕግ አውጪዎቹስ? ጆርጅ ካሲዲ የተባለ የቀድሞ ወታደር በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ለእንደራሴዎች ለዓመታት መጠጥ ሲያቀርብ ቆይቶ ከተያዘ በኋላ በ1930 ታሪኩን በጋዜጣ አውጥቷል፤ ከ5 እንደራሴዎች 4ቱ ይጠጡ እንደነበረም ገልጿል። ቀን ለእገዳው እጁን የሚያወጣው እንደራሴ ማታ ከካሲዲ ቦርሳ ይቀዳ ነበር። ፕሬዚዳንት ሃርዲንግም በቤተ መንግሥት ውስጥ ለወዳጆቻቸው ውስኪ ያቀርቡ እንደነበረ ተመዝግቧል። በቺካጎ አል ካፖን ፖሊስና ዳኛ ገዝቶ ከተማ ሲያስተዳድር፣ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 በአንድ ጋራዥ ውስጥ 7 ሰዎች ሲረሸኑ፣ በግድያው አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ካፖን በ1931 የተቀጣው ግብር ባለመክፈሉ ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ክፍል ነው። ኮንትሮባንዲስቱ በአነስተኛ ቦታ ብዙ ዋጋ ያለውን ዕቃ ስለሚመርጥ ቢራ ትቶ ውስኪና ጂን ጫነ። ስለሆነም ሠራተኛው ይጠጣው የነበረው ቀላል መጠጥ ጠፍቶ ጠንካራው አልኮል ገበያውን ያዘ። የስኮትላንድ ውስኪ ለመግዛት አቅም ያለው ንጹሑን ጠጣ፤ ሌላው ለፋብሪካ ሥራ የሚውለውን አልኮል ከመርዙ በቅጡ ሳይለይ በድጋሚ ያጣሩትን ወንበዴዎች ቅራሪ ጠጣ።

መርዙ ከየት መጣ? የኢንዱስትሪ አልኮል እንዳይጠጣ መንግሥት ሜታኖልና ሌሎች መርዞች እንዲጨመሩበት ያዝዝ ነበር። ሰዎች እያጣሩ መጠጣታቸው ሲታወቅ ከ1927 ጀምሮ መርዙ እንዲጨምር ተደረገ። በ1926 የገና ሰሞን በኒው ዮርክ ሆስፒታሎች በመርዝ የተጎዱ ሰዎች ተከታትለው ገቡ፤ ብዙዎችም ሞቱ። የከተማዋ ዋና የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ቻርልስ ኖሪስ መንግሥት መርዙ እንደሚጠጣ እያወቀ መጨመሩን በይፋ አወገዘ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ርካሽ መጠጥ የሚገዙ ደሆች መሆናቸውንም አስገነዘበ።

በ1930 ደግሞ በደቡብና በመካከለኛው ምዕራብ ክፍለ ግዛቶች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሰለለ። ምክንያቱ ለሆድ መድኃኒት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ አልኮል የበዛበት የጃማይካ ዝንጅብል ጭማቂ ነበር። በቦስተን የነበሩ ሁለት ሸሪኮች የመንግሥትን ምርመራ ለማለፍና ወጪ ለመቆጠብ በዝንጅብሉ ፈንታ ለፋብሪካ ሥራ የሚውል ኬሚካል ጨምረውበት ነበር። ኬሚካሉ የሰው ነርቭ ይገድላል። ጭማቂውን ይገዙ የነበሩት የቀን ሠራተኞች፣ ሥራ ፈላጊዎችና ከውስኪ ዋጋ የራቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ሸሪኮች በመጀመሪያ የተፈረደባቸው የ1,000 ዶላር መቀጫና በገደብ የተሰጠ የ2 ዓመት እስራት ብቻ ነበር።

ይህን ፍርድ ከሌላ ፍርድ ጋር እናነጻጽር። በ1928 በሚቺጋን ክፍለ ግዛት የ10 ልጆች እናት የሆነች አንዲት ሴት ጥቂት አረቄ ሸጣ ለ4ኛ ጊዜ በመያዟ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ከሕዝብ በተነሣው ቁጣ ምክንያት ቅጣቱ በኋላ ተሻሻለላት። እንግዲህ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ሽባ ያደረገ ነጋዴ ከቤቱ አደረ፤ ልጆቿን ለማሳደግ ጠርሙስ የሸጠች እናት ወኅኒ ወረደች። በማርች 1929 የወጣው ሕግ ደግሞ ለመጠጥ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጫ ፈቀደ። የፌዴራሉ ወኅኒ ቤቶች ከመጠን በላይ ከመጣበባቸው የተነሣ በ1930 ራሱን የቻለ የወኅኒ ቤቶች መሥሪያ ቤት ማቋቋም ግድ ሆነ።

እገዳው ለዘረኞችም መሣሪያ ሆነ። በ1923 መጨረሻና በ1924 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በዊሊያምሰን አውራጃ የኩ ክለክስ ክላን አባላት የመጠጥ ሕግ አስከባሪ ተብለው የጣሊያን ተወላጅ የሆኑ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ቤት በጅምላ ፈተሹ፤ ደበደቡ፤ ዘረፉ። ለፍተሻ የተመረጠው የባለ ማዕድኑ ምድር ቤት አልነበረም፤ የወዛደሩ ጎጆ እንጂ።

እገዳው እንዴት ተነሣ?

ሚዛናዊ ለመሆን አንድ እውነት መናገር አለብን። እገዳው መጠጥን ቀንሷል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍጆታው ከቀድሞው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዶ በኋላ ከመቶ ከ60 እስከ 70 ወደሚሆነው ተመልሷል፤ በጉበት በሽታ የሚሞተውም ሰው አንሷል። ክላርክ ዋርበርተን በ1932 ባወጣው ጥናት ግን ቅነሳው የታየው በይበልጥ በሠራተኛው ዘንድ እንደሆነና ባለ ሀብቱ ያንኑ ያህል እንደጠጣ አሳይቷል። ከበርቴው የፈለገውን አግኝቷል ማለት ነው፤ ሠራተኛው ጠጥቶ እንዳይሰክር፣ እርሱ ግን እንዲጠጣ።

ታዲያ ለምን ተነሣ? በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ከሥራ ውጭ ሲያደርግ የመንግሥት ገቢ ወደቀ፤ የሀብታሙም የገቢ ግብር ሥጋት ጨመረ። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዱፖንት ኬሚካል ፋብሪካ ባለቤቶች እገዳውን ለሚቃወም ማኅበር ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ የመጠጥ ቀረጥ ከተመለሰ የገቢ ግብር ይቀንሳል የሚል ነበር። ለእገዳው ገንዘብ ሲያወጣ የኖረው ታናሹ ሮክፌለር እንኳ በጁን 1932 አቋሙን ለወጠ። በአፕሪል 7 ቀን 1933 ቀላል ቢራ ተፈቀደ፤ በዲሴምበር 5 ቀን 1933 21ኛው ማሻሻያ ጸድቆ እገዳው አበቃ። እገዳው ሲገባ ግብሩ ከጠጪው ወደ ባለ ገቢው ዞረ፤ ሲወጣ ባለ ገቢው ግብሩን ወደ ጠጪው ብርጭቆ ለመመለስ ተመኘ። በሁለቱም ጊዜ ለሠራተኛው የተቆረሰለት ድርሻ አልነበረም።

ኮንትሮባንዱ ያከበራቸውስ? የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከካናዳ ውስኪ አምራቾች 60 ሚሊዮን ዶላር ቢጠይቅም በ1930ዎቹ አጋማሽ በ3 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የሲግራምን ኩባንያ ይመሩ የነበሩት ብሮንፍማኖች ድርሻቸውን ከፍለው በሕጋዊ መንገድ ወደ አሜሪካ ገበያ ገቡ፤ ከዓለም ታላላቅ የመጠጥ ከበርቴዎችም ተርታ ተሰለፉ። የትናንቱ ኮንትሮባንድ የዛሬ ካፒታል ሆነ።

ትምህርቱ

ይህ ታሪክ በአሜሪካ አላበቃም። በህንድ የቢሃር ክፍለ ግዛት በ2016 የታወጀው ሙሉ እገዳ የብዙ ሴቶች ጥያቄ ውጤት ነው። ይሁንና በዲሴምበር 2022 በሳራን አውራጃ መርዝ የተቀላቀለበት አረቄ የጠጡ ከ70 የማያንሱ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ደሆች ነበሩ። መጠጥ በተከለከለባት ኢራንም በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰሞን ሜታኖል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። ዘመኑና አገሩ ይለያይ እንጂ ሬሳው የሚወጣው ከዚያው ሰፈር ነው።

ከዚህ የምንገነዘበው ምንድን ነው? መጠጥ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ የሚያፈርሰውን ቤት የምናውቀው እኛው ነን። ሕግ አያስፈልግም ማለትም አይደለም። ነገር ግን ሠራተኛው የሚያርፍበት ሌላ ቦታ፣ ቤተሰቡን የሚያኖርበት የተሟላ ደመወዝ፣ ጠማቂዋ እናት የምትተዳደርበት ሌላ ሥራ ሳይዘጋጅ በአዋጅ ብቻ ጠርሙስ ሲዘጋ ጠርሙሱ በሌላ በር ይከፈታል፤ ያም በር የሚገኘው በኮንትሮባንዲስቱ መጋዘን ነው።

ስለሆነም በየሰፈሩ ማኅበርና በየሥራ ቦታው ስለ ክልከላ ሲነሣ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የጀመርንበት ጥያቄ ነው። የሚፈተሸው የማን ቤት ነው? የተያዘው ዕቃ የት ይደርሳል? ትንሹ ተሸካሚ ሲታሰር የላከው ማን ነው? ሕግ ከታች ጀምሮ የሚጠብቅ፣ ከላይ ግን የሚላላ ከሆነ የነቃው ሕዝብ ዓይኑን ከተሸካሚው አንሥቶ ወደ ባለ መጋዘኑ ማቅናት አለበት። በዲትሮይት ወንዝ ላይ ለ13 ዓመታት የተመላለሱት ጀልባዎች ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ቀዛፊው ይያዛል፤ ይተካል፤ ጀልባው መመላለሱን የሚያቆመው የጀልባው ጌታ ሲጠየቅ ብቻ ነው።